ከድረ ገጽ ሠንጠረዥ አንድ ዓምድ ብቻ ለመውሰድ፦ ፋየርፎክስ፣ ኤክስቴንሽን ወይስ ኤክሴል?

የባንክ ዕለታዊ የምንዛሪ ተመን ላይ የገንዘቡ ስም፣ መግዣውና መሸጫው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የሚፈለገው መሸጫው ብቻ ነው እንበል። በክሮም ወይም በኤጅ ማውሱን ወደ ታች ሲጎትቱ ምርጫው ረድፍ በረድፍ ስለሚሄድ የማይፈልጉትም ዓምድ አብሮ ይያዛል።

ፋየርፎክስ ይህን በነጻ፣ ምንም ሳይጫንበት ይሠራል። ኮንትሮልን (በማክ ኮማንድን) እንደያዙ ከዓምዱ የመጀመሪያ ሴል እስከ መጨረሻው ይጎትቱ። ተራርቀው ላሉ ሴሎች ደግሞ ኮንትሮልን ሳይለቁ እያንዳንዱን ጠቅ ያድርጉ። ከዚያ ኮፒ፣ ኤክሴል ላይ ፔስት፤ አለቀ። ሴሉ ካልተመረጠልዎ ገጹ ሠንጠረዥ ይምሰል እንጂ በሠንጠረዥ ኮድ አልተሠራም ማለት ነው፤ ያኔ ይህ ዘዴ አይረዳዎትም።

ክሮምን መተው ለማይፈልግ እንደ ቴብል ካፕቸር ያሉ ኤክስቴንሽኖች (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ መሣሪያዎች) አሉ። መሠረታዊው ነጻ ነው፤ ሰፋ ያለው ይከፈልበታል። ለአንድ ዓምድ ብሎ መክፈል ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ከዋጋው ይልቅ ፈቃዱን ይመልከቱ፦ አብዛኞቹ በሚከፍቱት ገጽ ሁሉ ላይ ያለውን መረጃ ለማንበብ ይጠይቃሉ። በኤክስቴንሽኑ ዝርዝር ውስጥ ገብተው ጠቅ ሲያደርጉት ብቻ እንዲሠራ ያድርጉት፤ በተለይ የባንክ ሂሳብዎን በዚያው ብራውዘር የሚከፍቱ ከሆነ።

ተመኑን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ኤክሴል ካለው ሌላ አይግዛ። በዊንዶውስ፣ ዳታ ከሚለው ትር ፍሮም ዌብን ይጫኑና ሊንኩን ይስጡት። ሠንጠረዡን መርጠው ወደ ማስተካከያው ሲገቡ የሚፈልጉትን ዓምድ ራስጌ በቀኝ ጠቅ አድርገው ሌሎቹን ያስወግዱ። ከነገ ጀምሮ ሪፍሬሽ ማለት ብቻ ነው። የጎግል ሺትስ ኢምፖርት ኤችቲኤምኤል የተባለው ፎርሙላም በነጻ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ወይም ከተከፈተ በኋላ በጃቫስክሪፕት የሚሞላ ሠንጠረዥ አይሆንለትም።

በኮፒና ፔስት ከሄዱ ኤክሴል የሚያበላሻቸውን ይወቁ። 0911 ብሎ የሚጀምር ስልክ ዜሮውን ያጣል፣ 3-4 የሚል ውጤት ቀን ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዓምድ አስቀድመው ቴክስት ያድርጉት፤ ፔስት ሲያደርጉም የመድረሻውን ፎርማት የሚከተለውን አማራጭ ይምረጡ፣ አለዚያ የገጹ ፎርማት ይሽረዋል። ቴክስት ያላደረጉት የቁጥር ዓምድ ድምሩ ዜሮ ከመጣ ደግሞ ከቁጥሩ ጋር የማይታይ ክፍት ቦታ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ክፍት ቦታ ከሴሉ ኮፒ አድርገው መፈለጊያው ውስጥ ይክተቱ፣ መተኪያውን ባዶ ትተው ሁሉንም ይተኩ።