የእናቴን ጉልበት ላየችልን ፊዚዮቴራፒስት፣ እግዜር ይስጥልን

ደረጃ ሲወጡ "ወይ ጉልበቴ!" የሚሉ እናት ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

እማዬ ቀኝ ጉልበቷን ካመማት ዓመታት አለፉ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ያላንኳኳነው በር አልነበረም። አንዱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት "ቅባቱ አልቋል፣ ዕድሜ ነው" ብሎ ኪኒን ጻፈላት። ሌላው ጋ ውድ ምርመራ፣ ከዚያ መርፌ። አንዱማ "ከእንግዲህ ቁጭ ይበሉ" አላት። ቁጭ አለች። ጭራሽ ጭኗ ሰለለና ከሶፋ መነሳት አቃታት። ስማቸውን አልጠራም። ብሩ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ወደዚች ልጅ ላከችን። ኤክስሬዩን አየት አድርጋ አስቀመጠችውና "እስኪ እናቴ፣ ወዲያ ወዲህ ይበሉልኝ" አለቻት። አካሄዷን አየች። ጫማዋን አስወልቃ ገለበጠችው፤ አንድ ጎኑ ተበልቶ አልቋል። የእማዬ ጉልበት ወደ ውጪ ጎበጥ ያለ ነው። ስለዚህ ጫናው የሚበዛው በውስጠኛው ጎን ላይ ነው፤ ካርቲሌጅ የሚሉት ለስላሳ ሽፋንም የሳሳው እዚያው ጋ ነው አለችን። ካርቲሌጅ ለካ የደም ስር የለውም! ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ካለው ፈሳሽ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ሲጫኑት ይጨመቃል፣ ሲለቁት ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። ጫና ሲበዛበት ይጎዳል፣ ጭራሽ ሲቀርበትም ይሳሳል። ሌላም ብዙ ነገረችን፣ እኔ ግን አልያዝኩትም።

የማልረሳው የምርኩዙን ነገር ነው። እማዬ የምትይዘው በሚያማት በኩል፣ በቀኝ እጇ ነበር። ያን ሁሉ ቦታ ምርኩዟን ይዛ ስትገባ ስትወጣ ምን ይዘሻል ያላት የለም። ልጅቷ በርከክ ብላ ቁመቱን አስተካከለችና "እናቴ፣ በደህናው በኩል ይያዙት" ብላ ወደ ግራ እጇ አዛወረችው። እማዬ ኮሪደሩን ሄዳ ተመለሰች።

"ውይ፣ ቀለለኝ እኮ!"

ምርኩዙ ያው የድሮው ነው።

ያለቀውን እንደማትመልስ ከመጀመሪያው ነግራናለች፤ ለዚህም አከበርኳት። ጭን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አስተማረቻት። ደረጃ ሲወጡ በደህናው እግር፣ ሲወርዱ በታመመው መጀመር ነው። የቡናዋ በርጩማ ቀርቶ ከፍ ባለ ወንበር ተተካ። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ ደግሞ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ ወደ አራት ኪሎ የሚሆን ጫና ይነሳል አለች። እማዬ ይሄን ከሰማች ወዲህ ፍስኩንም ጾም አድርጋዋለች።

ዳነች አልልም። ግን ቤተክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች፣ ደረጃውንም ያለ እኔ ትወርዳለች። ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ! ባለሙያ ማለት አንቺ ነሽ።

እባካችሁ ወላጆቻችሁን ውሰዱላት። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የዘወትሩን ጫማ አድርጉላቸው፤ አዲሱን ካደረጉ ትመልሳችኋለች።