ስድስት ሜትር የማትሞላው ሞተርሆም፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የምትገመገመው ሞተርሆም (መኝታና ወጥ ቤት ያላት የጉዞ መኪና) ርዝመቷ 5.99 ሜትር፣ ስፋቷ 2.2 ሜትር፣ ከፍታዋ 2.8 ሜትር ነው። ጋቢናዋና ሻንሲዋ የፊያት ዱካቶ ሲሆን ሞተሩ የሚያሽከረክረው የፊት ጎማዎቹን ነው፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3.45 ሜትር አላት። ከጋቢናው በስተኋላ ያለው ቤት ግን ከመኪናው ፋብሪካ የመጣ አይደለም። ሌላ ሠሪ በፋይበር ግላስ፣ በፎምና በቀጭን ኮምፔርሳቶ አዘጋጅቶ ሻንሲው ላይ የጫነው ነው። ከቫን ተለውጠው ከሚሠሩት የሚለያት ይኸው ነው፦ ግድግዳዋ ቀጥ ያለ፣ ውስጧ ሰፋ ያለ፣ ብርድንም የተሻለ የምትከላከል። መገጣጠሚያዋ ደግሞ ብዙ ነው፤ መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር ውሃ የሚገባበት ቦታም ይበዛል። ከኋላ ጥግ ላይ ቋሚ አልጋ፣ ከአልጋው ጎን መታጠቢያና ሽንት ቤት፣ መሐል ላይ ወጥ ቤት፣ ከጋቢናው ጀርባ ጠረጴዛና ቀበቶ ያላቸው ሁለት መቀመጫዎች አሏት።

አነስተኛ ሞተርሆም የሚፈልግ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ርዝመት ላይ ነው። መኪናዋ ስትነዳና ሲኖርባት ዕለት ዕለት የሚያስቸግረው ግን ርዝመት ሳይሆን ኪሎ ነው። በአውሮፓ የተለመደው ቢ የተባለው መንጃ ፈቃድ እስከ 3,500 ኪሎ ስለሚያስነዳ፣ ሠሪዎቹ አብዛኛውን አነስተኛ ሞተርሆም በዚህ ጣሪያ ሥር ያስመዘግቡታል። የዚህችኛዋ የሰነድ ክብደት 2,850 ኪሎ ነው። ለጭነት 650 ይተርፋል ማለት ነው፤ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 2,850 ውስጥ የተቆጠረው 75 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሹፌር፣ 90 በመቶ የተሞላ ነዳጅና 20 ሊትር ውሃ ብቻ ነው። የውሃው ታንከር 100 ሊትር ይይዛል፤ ሠሪው ግን ለጉዞ የሚሞላውን ትንሽ አድርጎ እንዲያስመዘግብ ይፈቀድለታል። በዚያ ላይ በሰነዱና በእውነተኛው ክብደት መካከል እስከ 5 በመቶ ልዩነት ቢኖር ሕጉ ያልፈዋል። የ2,850 አምስት በመቶ 142 ኪሎ ነው።

እንቁጠረው። ከ650 ላይ 142ቱ ቢነሣ 508። ሁለተኛ ሰው ሲገባ 433። ታንከሩ ሲሞላ ውሃው 80 ኪሎ ይጨምራልና 353። በትእዛዝ የሚታከሉት ይቀጥላሉ፦ ከጎን የሚዘረጋው ጥላ 30 ኪሎ፣ የፀሐይ ሰሌዳው ከመቆጣጠሪያው ጋር 15፣ ሁለተኛው ባትሪ 30፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው 18፣ የብስክሌት መስቀያው 15፤ ተደምሮ 108። ቀሪው 245 ነው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የውሃ ቱቦና ጎማ ሥር የሚገቡት መወጣጫዎች 40 ኪሎ ይበላሉ፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ሌላ 50። ለልብስ፣ ለምግብ፣ ለማብሰያ ዕቃና ለተጠባባቂ ጋዝ የሚቀረው 155 ኪሎ ነው። ለሁለት ሰው ይበቃል። የኋላዎቹን መቀመጫዎች ሁለት አዋቂዎች ከያዟቸው ግን 5 ኪሎ ብቻ ይተርፋል፤ ሻንጣቸው ገና ደጅ ላይ ነው። «ባለ አራት ሰው» የሚለውን ቃል ለሕፃናት ካልሆነ በቀር ለወረቀቱ ተዉት። ሕጉም ብዙ አያግዝም፦ ተሳፋሪዎቹ ከተቆጠሩ በኋላ መቅረት ያለበት ዝቅተኛ የመጫን አቅም የመቀመጫው ቁጥርና የመኪናዋ ርዝመት በሜትር ተደምሮ በ10 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለአራት መቀመጫና ለስድስት ሜትር 100 ኪሎ መሆኑ ነው።

ጠቅላላው ክብደት ልኩን ባያልፍም የኋላው አክስል ብቻውን ሊያልፍ ይችላል። ከኋላ ጎማው በስተኋላ የተረፈው ቦዲ 1.6 ሜትር ነው፤ የብስክሌት መስቀያው ሲታከልበት ሸክሙ ከአክስሉ 1.9 ሜትር ያህል ርቆ ይንጠለጠላል። መስቀያውና ሁለቱ ብስክሌቶች 65 ኪሎ ናቸው። ከአክስሉ ርቆ የተንጠለጠለ ሸክም የኋላውን ተጭኖ የፊቱን ያነሣል፤ 65 በ1.9 ተባዝቶ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ላለው 3.45 ሜትር ሲካፈል 36 ይሆናል። ስለዚህ የኋላው አክስል የሚሸከመው 65 ሳይሆን 101 ኪሎ ነው፤ የፊቱ ደግሞ 36 ኪሎ ይቀልለዋል። የሚጎትቱት የፊት ጎማዎች ናቸውና ቅለቱ ወዲያው ይሰማል፤ እርጥብ ሣር ላይ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ስትቆሙ የፊት ጎማዎቹ ጠንካራ መሬት ላይ ይሁኑ፣ አፍንጫዋም ወደ ቁልቁለቱ ይዙር። ከተያዘች በኋላ ነዳጅ መርገጥ ጉድጓዱን ከማስፋት በቀር ትርፍ የለውም።

ምድር ሚዛን ላይ ስትወጡ ነዳጁም ውሃውም ሞልቶ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ሰዎቹም ተቀምጠው ይሁን። በመጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ ብቻ፣ ቀጥሎ መላዋ መኪና፣ በመጨረሻ የኋላዎቹ ብቻ ይመዘኑ። ውጤቱን በሠሪው ሰሌዳ ላይ በተርታ ከተጻፉት አራት ቁጥሮች ጋር አስተያዩት፦ የመኪናዋ ጣሪያ፣ ከተጎታች ጋር ያለው ጣሪያ፣ የፊት አክስል፣ የኋላ አክስል። ሁለት ሰሌዳ ካለ የሚሠራው ቤቱን የሠራው ድርጅት የለጠፈው ነው። ከኋላ ባሌስትራው ጋር የሚገጠም የአየር ከረጢት ይሸጣል፤ የወረደውን ጀርባ ያነሣል፣ በጎን ንፋስም መወዛወዙን ይቀንሳል። የተፈቀደውን ክብደት ግን በራሱ አይጨምርም፤ ለዚያ ሰነዱ እንደገና መመዝገብ አለበት። ከሁሉ የሚቀለው 30 ሊትር ውሃ ብቻ ይዞ መነሣትና ቀሪውን ማደሪያው ላይ መሙላት ነው።

ጎማዎቿ 225/75 አር 16 ሲፒ ናቸው። ሲፒ የሚለው ምልክት ለሞተርሆም የተሠራ ማለት ሲሆን፣ ለኋላው አክስል የሚመከረው ንፋስ 5.5 ባር ነው። በዚያ ልክ ሲነፋ ጉዞው ይደርቃል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ከመሳቢያ ማንኪያውን ያስጮኸዋል። ይህን ለማለዘብ ብዙዎች ወደ 4 ባር ያወርዱታል። ማውረድ የሚቻለው የአክስሉ ክብደት ተመዝኖ፣ ከጎማ ሠሪው ሠንጠረዥ ጋር ተመሳክሮ ነው እንጂ በጆሮ ተሰምቶ አይደለም። ጎማው ላይ ያሉት አራት አኃዞችም መነበብ አለባቸው፦ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሞተርሆም ቆማ ስለምታረጅ ጎማዋ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጣጠቃል።

ለመንዳት ትመቻለች። ስድስት ሜትር አለመሙላቷ በጀልባ ትኬትና በማቆሚያ ቦታ ላይ ይጠቅማል። ከፍታዋ ከ3 ሜትር በታች በመሆኑ በፈረንሳይ የክፍያ መንገዶች ክፍል 2 ትባላለች፤ ከጋቢናው በላይ አልጋ ያላቸው ረጃጅሞቹ 3 ሜትር ካለፉ ክፍል 3 ገብተው የበለጠ ይከፍላሉ። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ካለፈች ነዳጅ አጠጣጧ በግልጽ ይጨምራል፤ ሰፊ ግንባር ንፋሱን እየገፋ ነው።

የኋላው ቋሚ አልጋ 1.9 ሜትር ርዝመት አለው፤ የእግርጌው አንድ ጥግ ግን ለመተላለፊያ ሲባል ተቆርጧል። ረጅም ሰው የሚተኛው በግድግዳው በኩል ነው፤ ሌሊት ለመውጣት ደግሞ ሌላውን መሻገር አለበት። ፍራሹ ሥር ጠል መቋጠሩ በዚህ ዓይነት መኪና የተለመደ ነው፦ የሰው ሙቀትና ላብ ወርዶ ቀዝቃዛው ጣውላ ላይ ውሃ ይሆናል። አየር የሚያሳልፍ ምንጣፍ ከፍራሹ በታች ማንጠፍና ቀን ቀን ፍራሹን ማንሣት ሻጋታውን ያስቀረዋል። መታጠቢያው ጠባብ ነው፤ ገዢው ሳይከፍል በፊት በሩን ዘግቶ ሽንት ቤቱ ላይ ይቀመጥ። የሽንት ቤቱ ቆሻሻ ተነቅሎ በሚወጣ ሳጥን (ካሴት) የሚጠራቀም ሲሆን ለሁለት ሰው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይሞላል። ከላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ ከደረቀ ሽታ ያሳልፋል፤ በንጹሕ የሲልከን ቅባት ይለሰልሳል፣ ቫዝሊን ግን ጎማውን ያበላሸዋል።

ማሞቂያው ትሩማ ኮምቢ 4 ነው፤ ቤቱንም 10 ሊትር ውሃም የሚያሞቀው ይኸው አንዱ ነው። በሰዓት ከ160 እስከ 320 ግራም ጋዝ ይፈጃል። ባለ 11 ኪሎ ሲሊንደር ማሞቂያው ያለ ዕረፍት በሙሉ ኃይሉ ከሠራ 34 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በብርድ ወራት ሁለት ሲሊንደር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጋዙም ፕሮፔን መሆን አለበት። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነኑን ያቆማል፤ ሲሊንደሩ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ምድጃው ይጠፋል። ብዙ ሰው መሣሪያው የተበላሸ የሚመስለው ሌላ ነገርም አለ። ማሞቂያው ጎን ያለው የውርጭ ቫልቭ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ በራሱ ተከፍቶ ውሃውን መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ ፓምፑ በርቶ ከተተወ ደግሞ ታንከሩን ሁሉ ገፍቶ ይጨርሰዋል። ከ7 ዲግሪ በታች ቫልቩ አይዘጋም። መጀመሪያ ቤቱን ማሞቅ፣ ከዚያ ቫልቩን በእጅ መዝጋት፣ በመጨረሻ ፓምፑን ማብራት ነው ቅደም ተከተሉ።

ፍሪጁ በጋዝ፣ በ230 ቮልትና በ12 ቮልት የሚሠራው ዓይነት ነው። መኪናዋ ዘመም ብላ ከቆመች ማቀዝቀዙን ይተዋል፤ ወለሉ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጦ በመወጣጫ ማስተካከል ግድ ነው። 12 ቮልቱ የቀዘቀዘውን ያቆያል እንጂ ሙቁን አያቀዘቅዝም፤ ከጉዞ በፊት በነበረው ሌሊት በ230 ቮልት ወይም በጋዝ ይብራ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ሻጮች የማይናገሩት አንድ ነጥብ አለ። ዩሮ 6 የተባለውን የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ የሚያሟሉ ሞተሮች ዲናሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ቮልቱን እያወረደ ይሠራል፤ በተራ ሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የተገናኘ የቤት ባትሪ ቀኑን ሙሉ ተነድቶም ላይሞላ ይችላል። ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር መኖሩን ጠይቁ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ኤጂኤም (የታሸገ የእርሳስ) ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በላይ ባይወሰድበት ይመረጣል። ሊቲየም አብዛኛውን ኃይሉን ይሰጣል፣ ክብደቱም በግማሽ ያህል ይቀላል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን መሞላት የለበትም። ቦታው ከመቀመጫ ሥር፣ ሙቀቱ የሚደርስበት እንጂ ከውጭ ሳጥን ውስጥ አይደለም።

እንደ ክብደቱ ሁሉ ችላ የማይባለው እርጥበት ነው። በዚህች መኪና ላይ የመጀመሪያው ምልክት የታየው በኋላ መብራቶቹ ዙሪያ ነው፤ በፋብሪካ የተቀባው ማሸጊያ በአንዱ ብሎን ላይ ሳስቶ ነበር። ውሃ በገባበት ቦታ አይታይም። በጣራው ጠርዝ ገብቶ፣ በግድግዳው ውስጥ ወርዶ፣ ወለሉ ላይ ይወጣል፤ ሽታው የሚመጣው ኮምፔርሳቶው ከፎሙ መላቀቅ ከጀመረ በኋላ ነው። የእርጥበት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ገዝቶ በየሦስት ወሩ ተመሳሳይ ነጥቦችን መለካትና መመዝገብ ይሻላል፦ የጣራ መስኮቶቹን አራት ማዕዘን፣ ጋቢናውና ቤቱ የሚጋጠሙበትን መስመር፣ ጥላው የተሰቀለበትን ሐዲድ፣ የጎን መስኮቶቹን የታችኛ ጥጎች፣ የጎማ ቤቱን ዙሪያ፣ የሻወሩን ሥር። እስከ 15 በመቶ ያለው ጤናማ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ክትትል ይፈልጋል፤ ከ20 በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ ይከፈት። አንዱ ንባብ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ 12 የነበረው ነጥብ 17 ሲሆን ነው መደንገጥ።

እንደገና ሲታሸግ የቤት ሲልከን አይነካ። ሌላ ማሸጊያ በላዩ ስለማይጣበቅ ቀጣዩን ጥገና ያከብደዋል። ለሚፈታ ክፈፍ ሥር የማይደርቀው የቡቲል ማሸጊያ ይገባል፤ ለውጭ ጠርዝ ደግሞ ለሞተርሆም የሚሸጠው ተለጣጭ ማጣበቂያ። አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተፍቆ፣ በአልኮል ተጠርጎ፣ ደርቆ ነው አዲሱ የሚቀባው፤ ከላይ መደረብ ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል። ለውሃ መግባት የሚሰጠው የዓመታት ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ተመርምሮ ማኅተም ካልተደረገበት ይሰረዛል፤ ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ከኪሎ ሜትሩ በፊት ይህን ደብተር ይጠይቅ።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። የቁም ሳጥን ማጠፊያዎች ብሎን በንዝረት ይላላል፤ ቀጭን ኮምፔርሳቶ ላይ ደጋግሞ ማጥበቅ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ በእንጨት ማጣበቂያ የተነከረ ስንጥር ከትቶ እንደገና ማሰር ይሻላል። የቆሻሻ ውሃው ቱቦ ከመኪናዋ ሥር ከማሰሪያው ሾልኮ ሲረግብ መሐሉ ላይ ውሃ ይተኛል፤ መታጠቢያው ቶሎ አልወርድ ካለ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ፓምፑ ቧንቧ ሳይከፈት በየጥቂት ደቂቃው እየተነሣ ድምፅ ካሰማ ከመስመሩ አንድ ቦታ ውሃ እየወጣ ነው፤ በደረቅ የወረቀት ፎጣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መዳሰስ ቦታውን ያሳያል፣ ብዙውን ጊዜም ከማሞቂያው ጀርባ ያለው ነው።