ቱሉ ዲምቱ የወሰድኩት የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ኮርስ እንዴት ነበር

ሰላም ለሁላችሁ፣ ኮርሱ እንዴት ነው እያላችሁ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ አጥቢያ ውስጥ ሕፃናት ለምናስተምር ሰዎች ተማሪን ስለመረዳት የስድስት ቅዳሜ ኮርስ ነበር፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት፣ ክፍያው 300 ብር ሀንድአውትና ሻይ ዳቦን ጨምሮ።

እኔ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያሉትን ሳስተምር አራት ዓመቴ ነው፣ ስሄድ መዝሙር ማስጠናት ጥያቄና መልስ ማዘጋጀት ምናምን ነው ሚያሳዩን ብዬ ነበር። አሰልጣኙ ግን የመጀመሪያ ቀን ወረቀት አደለንና የተማሪዎቻችሁን ስም ጻፉ አለ፣ ከዛ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ፣ የት እንደሚማር፣ ምን እንደሚያስፈራው። ከ32 ልጆች የ9ኙን ብቻ ነው መሙላት የቻልኩት። ማታ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

ክፍሌ ውስጥ የንባብ ተራው ሊደርስ ሲል ሁሌ "ቲቸር ሽንት ቤት ልሂድ" ሚል ልጅ አለ፣ ረባሽ ነው ብዬ ፊት ለፊት አስቀምጬው ነበር። በዛው ሳምንት ከቅዳሴ በኋላ እናቱን አናገርኳት። ልጁ ትምህርት ቤት ሚማረው በኦሮምኛ ነው፣ ቁቤ አቀላጥፎ ያነባል፣ የኛን ፊደል ግን ገና ሀሁ ላይ ነው! እኛ ጋ እኮ አንዱ ልጅ ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከመሀል ከተማ የመጣ ነው፣ አንዱ እዚሁ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፣ እና ሁሉንም አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠን አንድ መጽሐፍ እናስነብባቸዋለን። አሁን እሱ በቃሉ ነው ሚመልሰው፣ ፊደሉን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ለብቻ አስቆጥራቸዋለሁ። ባለፈው የኖኅን ታሪክ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለ ሲያወራ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ስለ ቅዱስ ያሬድ ነበር። ትምህርት አልገባው ብሎ አጎቱ አባ ጌዴዎን ሲመታው ጠፍቶ መሄዱን፣ ዛፍ ስር ሆኖ ትሏ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አይቶ መመለሱን ሁላችንም እናስተምራለን፣ ሁሌም እንደ ትሏ በርቱ ብለን ነው ምንጨርሰው። አሰልጣኙ ግን እስቲ በአጎቱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት አለን። ግዕዝ ዕዝል አራራይ ሚባሉትን ሦስቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ሚሰጠን ልጅ ፊቱ ተቀምጦ እሱ ሚያየው ሰነፍ ተማሪ ነበር፣ እናንተስ ጋ ማን ተቀምጧል ሲለን አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አልተናገረም።

የዕድሜው ነገርም ጠቅሞኛል። ፒያዤ ሚባል የስዊዘርላንድ ተመራማሪ እንዳጠናው ከ7 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ በደንብ ማሰብ ሚችለው በሚያየውና በሚዳስሰው ነገር ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ምሥጢረ ሥላሴን ቁጭ አድርጌ ሳሸመድዳቸው ነው የኖርኩት። የፀሐይ ምሳሌ እያለልን! ክበብ ብርሃን ሙቀት ምንለውን ግቢ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አቁሜ አስተማርኳቸው (ቀና ብለው እንዳያፈጡባት እየተቆጣጠርኩ)፣ አንዷ እጇን ዘርግታ "ሙቀቱ እጄ ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ግን ያው አንድ ናት" አለች፣ በአራት ዓመት እንደዛ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

ያልወደድኩት፣ ሀንድአውቱ ፎቶኮፒው ደብዝዞ ገጽ ገጹ አይነበብም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ምንም አይሰማም። በጣም የከፋኝ ግን ከ15 ዓመት በላይ ስላሉት ወጣቶች የነበረው ክፍል በመጨረሻው ቀን በአንድ ሰዓት ተሯሩጦ ማለቁ ነው። ልጆቹ ከኛ ሚጠፉት እኮ እዛ ዕድሜ ላይ ነው፣ ከባድ ጥያቄ ሚያመጡትም ያኔ ነው፣ ቢያንስ ሁለት ቅዳሜ ይገባው ነበር፣ አስተያየት መስጫው ላይም ጽፌላቸዋለሁ።

ግን ሂዱ። ሰው ስለሚበዛ ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ፣ የተማሪዎቻችሁን ስም ዝርዝርም ይዛችሁ ሂዱ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ያስፈልጋችኋል።