ዘጠኝ ወር ከፒቪሲ የእባብ ቤት ጋር፦ ሳጥኑ ጥሩ ነው፣ በሩ ግን አስለቅሶኛል

እባቤ ብርቱካን የጠፋችው ሌሊት ላይ ነው። ጠዋት መጥቼ ሳይ ሁለቱ የፊት መስታወቶች ዝግ ናቸው፤ ቁልፉም እኔ ባስገባሁት ቦታ ላይ ነው። እባቧ ግን የለችም። በሞቃቱ ወገን ያለውን መደበቂያ አነሣሁ፣ ባዶ። የቀዝቃዛውን ወገን አነሣሁ፣ እሱም ባዶ። ጉዝጓዙን እስከ ወለሉ ድረስ በጣቶቼ በረበርኩት፤ የቡሹን ግንድ ገለበጥኩት፤ የውኃ ሳህኑን ሳይቀር አንሥቼ ሥሩን አየሁ። ከዚያ ሳጥኑ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይህን ቤት ከገዛሁት ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ስለ እሱ ልጽፍ ያሰብኩት ገና በሦስተኛው ወር ነበር፤ ያኔ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ከምስጋና ሌላ ነገር አይገኝበትም ነበር። በአራተኛው ወር ስድስት ሌሊት በባትሪ ብርሃን ቤቴን ስፈትሽ አደርኩ። ስለዚህ አሁን የምጽፈው በዋናነት ስለ አንድ ነገር ነው፦ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ስላለው ክፍተት።

ዕቃው ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፒቪሲ፣ ማለትም የጠንካራ ፕላስቲክ፣ ሳጥን ነው። ዙሪያው ድፍን ሆኖ ፊቱ በሁለት ተንሸራታች መስታወት ይዘጋል። ብርቱካን ደግሞ ኮርን ስኔክ የሚባለው የእባብ ዝርያ ናት። የዘሮቿ አገር የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ጫካና እርሻ ነው፤ መርዝ የላትም፤ ሙሉ በሙሉ ስታድግ ከ120 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ በደንብ ከተያዘች 20 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ሳጥኑን ስገዛ ገና 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበረች፣ ውፍረቷም ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም።

ቤት የቀየርኩላት ወድጄ አይደለም። የቀድሞው ቤቷ ክዳኑ ወንፊት የሆነ የመስታወት ገንዳ ነበር። ሙቀቱም እርጥበቱም በወንፊቱ ሽቅብ ይሄዳል፤ ጠዋት ውኃ ብረጭ ማታ ደርቆ አገኘዋለሁ። ቆዳዋን ስትገፍ አንድ ወጥ ሆኖ መውጣት ሲገባው ተቆራርጦ ወጣ። ጅራቷ ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት የቀረውን ለብ ባለ ውኃ በረጠበ ፎጣ ጠቅልዬ፣ እሷ ራሷ በፎጣው ውስጥ ስትሳብ ነው የለቀቀው። እንዲህ ያለ ቅሪት ደርቆ ሲያጠብቅ ደም ይዘጋል፤ የጅራቱን ጫፍ ሊያሳጣ ይችላል። አዲሱ ሳጥን ይህን ጭንቀት አስቀርቶልኛል። እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ ይቆማል፤ ሙቀቱ ቴርሞስታት በሚባል መቆጣጠሪያ እየተመጠነ በአንዱ ጫፍ 30፣ በሌላው 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይውላል። ቆዳዋም እንደ ካልሲ ተገልብጦ፣ የዓይኖቿ ሽፋን ሳይቀር፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት በአንድ ይወጣል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ሁለት መስታወት ወደ ጎን እንዲከፈት አንዱ በሌላው ፊት ማለፍ አለበት። ስለዚህ ከላይም ከታችም ሁለት ቦይ ያለው የፕላስቲክ ሀዲድ ተገጥሟል። ሲዘጉ መሐል ላይ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ይደራረባሉ፤ በተደራረቡበት ቦታ ከታች እስከ ላይ የቆመ ክፍተት በመካከላቸው ይቀራል። ለክቼዋለሁ፦ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ማንም ሳይነካው ነው። መስታወቱ ቦዩ ውስጥ ስለሚላወስ ከውስጥ በአንድ ጣት ገፋ ሳደርገው ክፍተቱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ተጠጋ። እርሳስ አስገብቼ ሞከርኩ። እርሳሱ ሾልኮ እግሬ ሥር ወደቀ።

ቁልፉ ደግሞ መስታወቶቹ ወደ ጎን እንዳይንሸራተቱ ይይዛል እንጂ ይህን ክፍተት አይዘጋም። ከሳጥኑ ጋር እንኳ አልመጣም፤ ለብቻው ነው የገዛሁት። በየማታው ቀጭ አድርጌ ቆልፌ፣ ጎትቼ አረጋግጬ፣ ልቤ ረግቶ ነበር የምተኛው። ክፍት በር ቢሆን አይቼ እዘጋዋለሁ፤ ይህ ግን ተቆልፎ ሳለ ክፍት ነበር።

ስድስቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩ የሚያውቀው እባብ ጠፍቶበት የሚያውቅ ሰው ነው። የጠፋ እባብ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ ሞቀ፣ ወደ ጠበበና ወደ ጨለመ ቦታ ይገባል። ይህን ስለማውቅ ከሳጥኑ ጀምሬ ወደ ውጪ እየሰፋሁ ፈለግሁ። በየበሩ ሥር ፎጣ ጠቀጠቅሁ። ማታ ማታ በየደፉ ላይ ዱቄት በስሱ ነሰነስኩ፤ ብታልፍ ፈለጓ እንዲታይ። በየጥጉ ስስ ፌስታል ዘረጋሁ፤ ብትረግጠው ኮሽ እንዲል። መብራት አጥፍቼ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ።

በሁለተኛው ቀን ከቁም ሣጥኑ ሥር መጥፎ ሽታ ሸተተኝ። ተንበርክኬ ባትሪ ሳበራ ግማሹ ያልተፈጨ፣ የረጠበ አይጥ አገኘሁ። ከመጥፋቷ በፊት በነበረው ምሽት ያበላኋት ነው። እባብ የበላውን የሚፈጨው በሙቀት ነው፤ ከበላች በኋላ ከቀዘቀዘች ምግቡ ሆዷ ውስጥ ስለሚበሰብስ መልሳ ትተፋዋለች። ያን ሳይ በሕይወት እንዳለች ገባኝ፤ እየበረዳት እንደሆነም ገባኝ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማወቅ ከባድ ነው።

በስድስተኛው ሌሊት ማቀዝቀዣው አጠገብ ዱቄቱ ላይ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ቀጭን መስመር አየሁ። ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ነቀልኩ፣ ቀስ አድርጌ ከግድግዳው አራቅሁት። ከሞተሩ ጎን ተጠቅልላ ነበር፤ አቧራና የሸረሪት ድር ተሸክማለች። እጄን ስዘረጋላት አልሸሸችም። ምላሷን አንዴ አወጣች፣ መለሰች፣ ከዚያ ወደ እጄ ሙቀት ቀስ ብላ ገባች። ከተፋች በኋላ ሆዷ እንዲያገግም ሁለት ሳምንት ምግብ አልሰጠኋትም፤ ከዚያም ከለመደችው ያነሰ ነው ያቀረብኩላት።

በማግስቱ ሻጩ ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ ትንሽ እባብ ስላስገባሽበት ነው እኮ፤ ስታድግ አትወጣም» አለኝ። ታዲያ ከተፈለፈለችበት ቀን እስከ ሙሉ እድገቷ የሚያገለግል ቤት ነው ብሎ የሸጠልኝ ማን ነው? ክፍተቱን ስነግረው «ቴፕ ለጥፊበት» አለኝ። ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው ቴፕ ላይ የተጣበቀ እባብ አይቶ አያውቅም። ማጣበቂያው ቅርፊቱን ይይዛል፤ እባቡ ለመላቀቅ በታገለ ቁጥር ይበልጥ ይጠመጠምበታል፤ በጉልበት ሲነሣ ቆዳው ይቀደዳል። በዘይት እያራሱ ቀስ በቀስ ነው የሚላቀቀው። እባብ በሚደርስበት ቦታ ቴፕ አይለጠፍም፤ ውስጥም ውጪም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐሳቤ ከእሱ ጋር እከራከራለሁ። «ቀድሞውንም አነስ ያለ ሳጥን ብትገዢ ይሻልሽ ነበር፤ ትንሽ እባብ በትልቅ ቦታ ትጨነቃለች» ይለኛል። ይህን አባባል ብዙ ሰው ይደግመዋል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የሚያስጨንቃት መደበቂያ ማጣት ነው። በሁለቱም ጫፍ ሰውነቷን ከሁሉም ወገን የሚነካ ጠባብ መደበቂያ፣ መሐሉ ላይ ቅጠልና ግንድ ካለ፣ ሰፊ ቤት ለትንሽ እባብም ይመቻታል። እባብ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ የሚኖር ፍጥረት አይደለም፤ ብርቱካን ማታ ማታ ከጀርባው ግድግዳ ሥር እንደ ክር ቀጥ ብላ ተዘርግታ አገኛታለሁ። ቤቷ ሰውነቷን ዘርግታ የምትተኛበት መሆን አለበት። በዚህ አልጸጸትም፤ 120 ሴንቲ ሜትሩ ትክክል ነበር።

«ጥፋቱ የባለቤቱ ነው፣ አይተሽ መግዛት ነበረብሽ» ሲለኝ ግን ዝም እላለሁ። እውነት አለው። ሙቀቱን ጠየቅሁ፣ እርጥበቱን ጠየቅሁ፣ ፒቪሲው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጠየቅሁ። ከመስታወቱ ፊት ቆሜ እርሳስ ማስገባት ግን አላሰብኩም።

ከተመለሰች በኋላ አንድ ሌሊት ሌላ ዕቃ ውስጥ አሳድሬያት፣ ከዚያ እንዴት እንደወጣች በዓይኔ ለማየት ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ፊቷ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የታችኛውን ቦይ ከዳር እስከ ዳር በአፍንጫዋ ተከተለች። መደራረቢያው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ምላሷን ወደ ክፍተቱ ላከች። ከዚያ ራሷን ወደ ጎን አጋደለች። ጭንቅላቷ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ስለሚያንስ ያጋደለው ራስ ገባ። አንገቷን ከቡሹ ግንድ ጋር አስደግፋ ስትገፋ መስታወቱ ወደ ውጪ ሲሸሽ አየሁ። እዚያው ላይ በእጄ መለስኳት። ጭንቅላቷ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ለእሷ መንገድ ነው፤ ጎድኖቿ ተለጥጠው ሰውነቷን ጠፍጣፋ ያደርጉላታል።

መፍትሔው ትንሽ ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ለሻወር መስታወት ጠርዝ የሚገጠመው፣ አንድ ወገኑ ክንፍ ያለው ግልጽ ላስቲክ የዚህን ሳጥን ባለ 5 ሚሊ ሜትር መስታወት ልክክ ብሎ ይይዛል። ያለ ሙጫ ጠርዙ ላይ ይሰካል፤ ክንፉ ክፍተቱን ከላይ እስከ ታች ይሸፍናል። በላይኛው ቦይ ውስጥ ደግሞ መስታወቱ እንዳይላወስ ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ ጨመርኩ። ከጀርባ ያለውን የኤሌክትሪክ ገመድ ቀዳዳ ትርፉን በአኳሪየም ሲሊኮን (በዓሣ ገንዳ ሙጫ) ደፈንኩት፤ የኮምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ ቀናት ጠብቄ ነው እሷን የመለስኩት። ይህን ሁሉ የሠራሁት አንድ ከሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው። ሳጥን እየሠራ የሚሸጥ ሰው ይህችን ላስቲክ ከመጀመሪያው ቢገጥማት ምን ይጎድልበት ነበር?

እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ዛሬ የምመልሰው «ይህን አትግዛ» ብዬ ነው። ፒቪሲ ይሁን፣ ከፊት የሚከፈት ይሁን፣ በሩ ግን በማጠፊያ የሚከፈት፣ ጠርዙ ከሳጥኑ ጋር ገጥሞ የሚዘጋ ይሁን። ተንሸራታች ካልሆነ አይገኝም ከተባለ እርሳስ ይዘህ ሂድ። ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ሲጠይቀኝ ቆዳዋ በአንድ መውጣቱን እያሰብኩ «ግዛው» ብዬው ነበር፤ በማግስቱ ደውዬ ቃሌን አነሣሁ።

ብርቱካን አሁን 85 ሴንቲ ሜትር ናት፤ ጭንቅላቷ ስላደገ በዚያ ክፍተት አይገባም። እንዲያም ሆኖ ማታ ማታ እየሄደች እዚያው ቦታ ላይ ትቆማለች፤ አልረሳችውም። አፍንጫዋ በመግፋት ብዛት እንዳይላጥ በየቀኑ አያለሁ፤ እስካሁን ደህና ነው። የላስቲኩ ክንፍ ግን በታችኛው ጥግ በኩል መታጠፍ ጀምሯል። ትናንት ማታ እርሳሱን አመጣሁና ሞከርኩ። ጫፉ ገባ። አዲስ ላስቲክ ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ፤ ዛሬ ሳትነቃ እቀይረዋለሁ።