ለላቦራቶሪ (ላብ) መምህራችን ምስጋና፣ ለኮሌጆች ደግሞ ጥቆማ

የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ተመራቂ ነኝ፤ አሁን ፋብሪካ ውስጥ በጥገና እሠራለሁ። ዛሬ ማመስገን የምፈልገው የሲሙሌሽን (ማሽንና ሰርኪትን በኮምፒውተር አስመስሎ የመሞከር) ላባችንን አደራጅተው ያሠለጠኑንን መምህር ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይወዱ አልጠቅሰውም። ሥራቸው ግን መነገር አለበት።

ብዙ ቦታ ሲሙሌሽን ሲባል ተማሪው ስክሪን ላይ ሞተር ሲሽከረከር አይቶ፣ ሪፖርት ጽፎ ይወጣል። እሳቸው ጋ እንደዚያ አልነበረም። ፕሮግራማችን በትክክል ሲሠራ ያኔ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው። «ጎበዝ፣ ሠራ። በሉ አሁን እናበላሸው» ይሉ ነበር።

አንዱን ልንገራችሁ። ፒኤልሲ (ማሽንን በፕሮግራም የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) እየተማርን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሳጥን የሚያመላልስ ኮንቬየር አለ። አንዱ ቡድን ስቶፕ በተኑን በኖርማሊ ኦፕን (ሲጫኑት ብቻ ከረንት በሚያሳልፍ) አሰረው። ስታርት ሲሉት ይነሳል፣ ስቶፕ ሲሉት ይቆማል። ሁሉም ደስ አለው። መምህራችን መጡና ከስቶፕ በተኑ ወደ ፒኤልሲው የሚሄደውን ሽቦ ሲሙሌተሩ ላይ በጠሱት። ኮንቬየሩ ምንም እንዳልተፈጠረ መሄዱን ቀጠለ። «አቁሙት» አሉ። ልጆቹ ስቶፕን ቢጫኑት፣ ደግመው ቢጫኑት፣ የሚሰማ የለም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኖርማሊ ክሎዝድ (ሳይጫኑት ከረንት በሚያሳልፍ፣ ሲጫኑት በሚያቋርጥ) እንዲያስሩት አደረጉና ሽቦውን እንደገና በጠሱት። ኮንቬየሩ በራሱ ቆመ። ኢመርጀንሲ ስቶፕ በተለመደው ፕሮግራም ላይ ብቻ የማይጣለውና የራሱ የሴፍቲ መስመር የሚኖረው ለምን እንደሆነም እዚያው አስረዱን። መጽሐፍ ላይ በአንድ መስመር የምታልፍ ነገር ናት። እንዲህ ያያት ተማሪ ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳትም።

ስታር ዴልታም (ሞተርን በስታር አስነስቶ ወደ ዴልታ የማዞር ዘዴ) እንደዚሁ ነው። ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 8 እጥፍ የሚደርስ ከረንት ሊስብ ይችላል። በስታር ሲነሳ ከመስመሩ የሚስበው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ይሄን ሁሉም ተማሪ ይሸመድደዋል። ቶርኩም (የማዞር ጉልበቱም) አብሮ ወደ አንድ ሦስተኛ እንደሚወርድ ግን ብዙው ይዘነጋዋል። እሳቸው ሲሙሌተሩ ላይ ከባድ ጭነት ጫኑበት። ሞተሩ በስታር ፍጥነት ማግኘት አቃተው፤ ወደ ዴልታ ሲዞር የከረንቱ መስመር ግራፉ ላይ ሽቅብ ተወረወረ። ቀጥለው ኢንተርሎኩን (ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይዘጉ የሚከለክለውን) አወጡና የስታርና የዴልታ ኮንታክተሮች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያዎች) አንድ ላይ እንዲዘጉ አደረጉ። የሦስቱም ፌዝ ሾርት ሆነ። ይህን እውነተኛ ፓነል ላይ ላሳይ የሚል መምህር የለም፤ ሰው ይጎዳል። የሲሙሌሽን ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይሄ ነው።

ሌላው ተራ የማግኘት ጉዳይ ነው። ዎርክሾፕ ውስጥ ማሽኑ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ነው። ቀልጣፋዎቹ ከፊት ሆነው ይነካካሉ፤ ዝምተኛው ከኋላ ቆሞ አይቶ ይመረቃል። እዚህ ላብ ግን እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ኮንቬየር፣ የራሱ ሞተር ነበረው። የፈለገውን ያህል ይደጋግማል፣ የሚቆጣው የለም። ዎርክሾፕ ውስጥ ድምፃቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ልጆች ብልሽት በመፈለግ አንደኛ ሲሆኑ አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ የማከብርላቸው ግን ሲሙሌሽን የማይችለውን አለመደበቃቸው ነው። አንዴ ተማሪዎች ሰርኪት ሠርተው 12 ቮልት በ10 ኦም ሬዚስተር ላይ ለቀቁ። ሶፍትዌሩ 1.2 አምፒር ብሎ አሳየና ዝም አለ። «ፓወሩስ?» ብለው ጠየቁ። ሲሰላ 14.4 ዋት! ላባችን ያለው ሬዚስተር ሩብ ዋት ነው። ቃል ሳይጨምሩ መከለያ አደረጉና እውነተኛውን ሬዚስተር ለኮሱልን። ወዲያው ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ከዚያ በኋላ ፓወር ሳያሰላ ሰርኪት የሚያስረክብ ተማሪ አልነበረም።

ስክሪን ላይ የሠራነውን ሁሉ በዚያው ሳምንት በእጃችን ያሠሩን ነበር። ሽቦ መላጥ፣ ብሎኑን በልኩ ማጥበቅ፣ ኃይል አጥፍቶ መቆለፍ፣ ከመንካት በፊት በሜትር መለካት። የላላ ተርሚናል ሲሙሌተር ውስጥ የለም፤ ሥራ ላይ ግን በየጊዜው የሚገጥመን እሱ ነው። ስለዚህ ለወጪ ቅነሳ ብለው ዎርክሾፑን ዘግተው በኮምፒውተር ብቻ ለማስተማር የሚያስቡ ካሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ወጪው ያስፈራን ይሆናል የምትሉ ኃላፊዎችም አትፍሩ። ለመጀመር ነፃ መሣሪያ ሞልቷል። የሰርኪት ሲሙሌሽን መሠረት የሆነው ስፓይስ እ.ኤ.አ. በ1973 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ነው የወጣው። ከሱ የመጣው ኤልቲስፓይስ ዛሬም በነፃ ይገኛል። ለሜካኒካልና ለተቀናጀ ሲስተም ኦፕንሞደሊካ አለ። የፊዚክስ መሠረታቸው ለሳሳ ተማሪዎች ደግሞ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ፌት የተባሉትን ሲሙሌሽኖች በነፃ አቅርቧል። የሚጎድለው ሶፍትዌር ሳይሆን ብልሽት አዘጋጅቶ፣ ጠይቆ፣ ጠብቆ የሚያስተምር ሰው ነው። መምህራችን ለእያንዳንዱ ልምምድ የሚያበላሹትን አስቀድመው በማስታወሻቸው ይጽፉ ነበር። የቱ ሴንሰር እንደሚጣበቅ፣ የቱ ሽቦ እንደሚበጠስ፣ ተማሪው የት የት እንደሚፈልግ። ያ ትልቅ ድካም ነው፤ ማንም የማያየው ድካም።

እኔ ዛሬ መስመር ቆሞ ሰው ሁሉ ሲጯጯህ ዝም ብዬ መጀመሪያ የፒኤልሲውን የኢንፑት መብራቶች ነው የማየው። ሴንሰሩ ይሁን፣ ሽቦው ይሁን፣ ፕሮግራሙ ይሁን ከዚያ ነው የምለየው። ይሄን ልማድ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

መምህር፣ ይህን ካዩት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

የሲሙሌሽን ላብ ለማቋቋም ወይም መምህራኖቻችሁን ለማሠልጠን የምታስቡ ኮሌጆችና ማሠልጠኛዎች ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ ስንት ኮምፒውተር እንዳላችሁ፣ ምን ዓይነት ፒኤልሲና ሞተር ዎርክሾፓችሁ ውስጥ እንዳለ ጨምሩበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።