ማሟሻውን መቅመስ ወይስ መቆየት? አዲስ ቴአትር መቼ ቢያዩት ይሻላል

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ማሟሻን ያውቃል። ምጣዱ ገና በደንብ ስላልጋለ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይኗ አይወጣም። ትጣበቃለች፣ ስትነሳም ትቀደዳለች። ለእንግዳ አትቀርብም። ምድጃው አጠገብ የቆመ ልጅ ግን በትኩሱ ይጎርሳታል፣ ደግሞም ይጣፍጠዋል።

አዲስ ቴአትርም ማሟሻ አለው። ሰሞኑን እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ አዲስ ቴአትር ሊመረቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እንሂድ ወይስ ይቆይ?» አለችኝ። ለእሷ የመለስኩትን ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

ኒውዮርክ፣ ብሮድዌይ ላይ፣ ማሟሻው ራሱን የቻለ ስም አለው፤ ፕሪቪው ይባላል። ከይፋዊው ምረቃ በፊት፣ ብዙ ጊዜ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ ሕዝብ ቲኬት ቆርጦ ይገባል። ማታ ይጫወታሉ፤ በማግስቱ ቀን አዘጋጁና ደራሲው ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ። ተዋናዩ ከሰዓት በፊት የተሰጠውን አዲስ ቃለ ተውኔት ማታ መድረክ ላይ ይዞ ይወጣል። ከዚያ አንድ ቀን ላይ «በቃ፣ ከዚህ ወዲያ የሚነካ የለም» ይባላል። ሐያሲዎች የሚጋበዙትም በዚያን ሰሞን ነው።

ተመልካቹ እዚህ ላይ ዝም ብሎ ተመልካች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ኮሜዲ ወደ ብሮድዌይ ከመግባቱ በፊት ዋሽንግተን ላይ ሲሞከር ሰው አልስቅ አለ። እንዲያማክር የተጠራው ባለሙያ ጥፋቱ የመክፈቻው ዘፈን ነው አለ። ዘፈኑ ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ስለነበር፣ ሰዉ ለሳቅ መምጣቱን ማንም አልነገረውም። ዘፈኑ ተቀየረ፣ ሳቁም መጣ። ያ ዝም ያለ አዳራሽ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር?

ሲበላሽ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ስለ ስፓይደርማን የተሠራ ሙዚቃዊ ቴአትር ፕሪቪው ሲጀምር የመጀመሪያው ምሽት በቴክኒክ ችግር ደጋግሞ ቆመ። ተዋናዮቹ በገመድ ከተመልካቹ በላይ የሚበርሩበት ነበርና ገመዱ እምቢ ሲል አየር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረትም መጣ። ምረቃው እየተገፋ እየተገፋ፣ ከ182 ፕሪቪው በኋላ እ.ኤ.አ. ጁን 2011 ላይ ሆነ። መሐል ላይ አዘጋጇ ለቀቀች፣ ታሪኩም ከሥሩ ተነካካ። ጃንዋሪ ላይ የገባና ጁን ላይ የገባ ሰው አንድ ቴአትር አይተናል ሊሉ አይችሉም።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። እኛ ጋ ቲኬት የሚሸጥበት ፕሪቪው ብዙም አልተለመደም። ልምምድ አለ፣ ግምገማ አለ፣ ከዚያ እንግዳ ተጠርቶ ይመረቃል። ቀጥሎ ቴአትሩ የራሱ ቀን ይሰጠዋል፤ የእሁድ፣ የሐሙስ እየተባለ በሳምንት አንዴ ይታያል። ስለዚህ የእኛ ማሟሻ ከምረቃው በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ብሮድዌይ ላይ በሳምንት 8 ጊዜ ነው የሚጫወቱት። በ4 ሳምንት 32 ትርኢት ማለት ነው። እኛ ጋ በሳምንት አንዴ ከሆነ 32ኛው ላይ ለመድረስ ከ7 ወር በላይ ይፈጃል። «ከተመረቀ እኮ ወር ሆነው፣ በስሎ ይሆናል» የሚል ሰው ገና አራተኛውን እንጀራ ነው የሚበላው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

እኔ ራሴ አንዴ በሁለተኛው ሳምንት ገብቼ ነበር፤ አዳራሹ ይቅር። ባልየው ተናዶ በሩን በርግዶ መውጣት አለበት። በሩ አልከፈት አለ። ጎተተ፣ አሁንም እምቢ። ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራው ግድግዳ ሙሉውን ተወዛወዘ፤ ከኋላ ግድግዳውን የያዘ የሰው እጅ ብቅ አለ፣ ሰዓቱ ሳይቀር ይታያል። ተዋናዩ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቲቱ ዞረና «ይኼም እንዳንቺ አልለቅህም አለኝ» አላት። አዳራሹ ፈነዳ። እሷም መሳቋን ለመደበቅ ጀርባዋን ሰጠችን።

ከወራት በኋላ ያው ቴአትር ዞሮ ደብረ ብርሃን መጣ። ያ ቦታ ሲደርስ በሩ አልከፈት አለ። ሆን ተብሎ! ቃሉም አለ፣ ሚስቲቱም ጀርባዋን ትሰጣለች። ሰዉ ከልቡ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ያ በር የተጣበቀ ለት እዚያ ስለነበርኩ አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው የበለጠ የቀመስኩ መሰለኝ። በሌላ በኩል ልክ ልኩን ካልን ሁለተኛው ይበልጣል። በመጀመሪያው ጊዜ መብራቱ የሚዘገይበት፣ ሁለት ተዋናዮች እኩል ጀምረው እኩል ዝም የሚሉበት ነበር፤ ማለቂያውም ሳይታወቅ ነው መጋረጃው የወረደው።

ከደብረ ብርሃን ለሚነሳ ሰው ትልቁ ጥያቄ ግን መንገዱ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በቻቻ፣ በሸኖ፣ በሰንዳፋ አድርጎ ላምበረት መናኸሪያ እስኪገባ ግማሽ ቀን ሄደ በሉት። ያውም መንገዱ ሰላም በዋለበት ቀን። ቴአትሩ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀምር ከሆነ ሲያልቅ ወደ እኛ የሚመጣ መኪና የለም። አልጋ ያዙ፣ እራት ብሉ፤ ቲኬቱ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ይሆናል። ይህን ሁሉ አውጥቶ ማሟሻ መብላት ያበሳጫል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ግን ምድጃው አጠገብ ነው፤ ዛሬ ባይጥመው በሌላ ጊዜ ተመልሶ ያያል።

ታዲያ ዞሮ እስኪመጣ ብንጠብቅስ? እናቴን የመሰለ፣ ለመንገድ የማይመች ሰው ካለ ከዚህ የተሻለ የለም። ሆኖም ዲኮሩ በመኪና እንዲጫን ይቀነሳል። አዳራሾቻችንም በአብዛኛው ለስብሰባ የተሠሩ ናቸው፤ ከኋላ የተቀመጠ ድምፅ ይጎድልበታል። ተዋናይም ይቀየራል፤ ፖስተሩ ላይ ያያችሁት ሰው በዚያን ጊዜ ተከታታይ ድራማ ላይ ሊሆን ይችላል። ጋቢውን አትርሱ፤ የእኛ አዳራሽ ማታ እንዴት እንደሚበርድ ለእናንተ አልነግርም።

ሁሉም ቴአትር ደግሞ እኩል ጊዜ አይፈልግም። ኮሜዲ ከሆነ ቆዩ። ሳቅ የት እንደሚመጣ፣ ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንዳለበት ተዋናዩ የሚማረው ከሕዝብ ነው። ዘፈን፣ ውዝዋዜና የጦር ሜዳ ያለው ታሪካዊ ሥራ ከሆነ የበለጠ ቆዩ፤ ሰው ሲበዛ ስህተቱም ይበዛል። ሁለት ሦስት ሰው ተቀምጦ የሚነጋገርበት ከሆነ ግን ቶሎ ሂዱ። የሚወድቅ ግድግዳ የለውም፣ ቃሉም በትኩሱ ነው የሚጥመው።

ሹመኛ የሚነካ ከሆነም አትዘግዩ። ለዚህ ከእኛው አገር ሰው በላይ ምስክር የለም። ሰያ ደብር የተወለዱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ሮቹ በአማርኛ የመጀመሪያ የሚባለውን ተውኔት ጻፉ። እንስሳትን ያናገረ ኮሜዲ ነበር። መኳንንቱ ፊት ቀረበ፣ መኳንንቱም ራሳቸውን አዩበት፣ በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ ታገደ። «ትንሽ በሰል ሲል አየዋለሁ» ያለ ሰው በዚያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ቀረበት።

የእህቴ ልጅ የጠየቀችኝ ቴአትር ኮሜዲ ነው፣ ተዋናዮቹም ከአሥር በላይ ናቸው። ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ፣ እሁድ በ8 ሰዓቱ ትርኢት ገብተን በዚያው ቀን ለመመለስ ተስማማን። እሷ ግን «ያንን በር የሚመስል ነገር ካመለጠኝስ?» ብላ ከጓደኞቿ ጋር ለመጀመሪያው ሳምንትም ትኬት ቆርጣለች። አልጋው በእኔ ሒሳብ ነው።