ሸረሪት ለምትፈሩ የድሬ ልጆች፣ ሰው ልጠቁማችሁ

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ለምትሠራ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያና ለቢሮዋ ግቢ ዘበኛ ነው። ጥቆማው ደግሞ እንደ እኔ ሸረሪት ሲያይ ጉልበቱ ለሚከዳው ሁሉ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም። «የሚፈልገኝ ሰው ካለ ስልኬን ስጠው፤ ስሜን ግን አደባባይ ላይ እንዳትለጥፍ» ብላኛለች። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ቁጥሯን እልካለሁ።

አሁን የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ። ሳቁ አቦ! አርባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ፣ ያውም የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሸረሪት ይፈራል? ይፈራል። «ደስ አይሉኝም» የሚባለው ዓይነት ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ አንዲት ትንሽ ሸረሪት ከጣሪያው በድሯ ወርዳ አፍንጫዬ ፊት ተንጠለጠለች። ባጃጁ እየሄደ ዘልዬ ወረድኩ። ታይዋን ገበያ አጠገብ፣ ሕዝብ እያየ። ሾፌሩ ሒሳብ ሳልከፍል ያመለጥኩ መስሎት «ወርያ! ወርያ!» እያለ ተከተለኝ። ብሩን ሰጥቼው ለምን እንደዘለልኩ መንገር አፈርኩ። ሌባ ቢመስለው ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ።

ሥራዬ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። የፊት የፊቱ መደርደሪያ ቶሎ ቶሎ ስለሚነካ ንጹሕ ነው። የኋላው ጥግ ግን ዕቃው ወራት ይቀመጣል። አቧራ፣ ጨለማ፣ ካርቶን ባለበት ሸረሪት አይጠፋም። ከዚያ የሚወጣ ዕቃ ሲታዘዝ ሁልጊዜ አንዱን ልጅ እልካለሁ። ቤት ደግሞ ባለቤቴ ማታ ማታ መኝታ ቤቱን በባትሪ ትፈትሽልኛለች። አልጋ ሥር፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ኮርኒሱ ጥግ። ደክሟት ስትመጣ እንኳ ሳትፈትሽ አትተኛም ነበር። እሷም በዚህ አጋጣሚ ምስጋና ይገባታል።

ሰው የሰጠኝ ምክር ብዛቱ! «ወንድ ሁን» አሉኝ። «አንዴ በእጅህ ብትይዛት ይለቅሃል» አሉኝ። አንዱ ወዳጄ ላለማምድህ ብሎ የፕላስቲክ ሸረሪት መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሳቢያ መክፈትም ፈራሁ።

እንግዲህ ይቺን ሴት ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ለዚህ ነው፤ አንድም ቀን አላታለለችኝም። ድንገት የተደረገ ነገር የለም። የሚሆነውን ሁሉ ቀድማ ትነግረኛለች። እሺ ካላልኩ አይሆንም። እሺ ካልኩ ደግሞ በቀላሉ አታስመልጠኝም።

የመጀመሪያው ቀን ሸረሪት የሚባል ነገር አልመጣም። በድሬ ደንብ ገና ስንተዋወቅ «አንተ» አለችኝና ጥያቄ ጀመረች። የልብ ችግር አለብህ? ግፊትህስ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ፍርሃቱ ከስንት ዓመትህ ጀመረ? ከሸረሪት ሌላ የምትፈራው ነገር አለ? ክፍያዋን ያን ቀን ነገረችኝ፤ እስከ መጨረሻው ያው ነበር። መድኃኒት እንደማታዝም ነገረችኝ። ካስፈለገ ሐኪም ጋ እልክሃለሁ አለች። እኔ የማልችለውን አልችልም የሚል ባለሙያ ደስ ይለኛል። በሥራዬም እንደዚያ ዓይነት መካኒክ ነው የማምነው።

ከዚያ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ሸረሪት ታይና ትሮጣለህ። ስትሮጥ ልብህ ይረጋጋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አእምሮህ «ያዳነኝ ሩጫው ነው» ብሎ ይይዘዋል። ሸረሪቷ ምንም እንደማታደርግህ ለማየት ዕድል አላገኘም። በሚቀጥለው ጊዜ ከሩቅ ስታያት ያስሮጥሃል። ሳትሮጥ ብትቆይ ግን ፍርሃቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ራሱ ይወርዳል። ሰውነት በዚያ ጉልበት ሲደነግጥ አይውልም፤ አይችልም። የእኛ ሥራ ሲወርድ እስክታየው ድረስ አብረን መቀመጥ ነው አለች።

ዘዴው የእሷ ፈጠራ አይደለም፤ ይህንንም ራሷ ነች የነገረችኝ። በ1924 (በፈረንጆቹ) ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ጥንቸል የሚፈራ አንድ ሕፃን ረድታለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ታስጠጋለት ነበር። በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ነገሩን ሥርዓት አስያዘው። የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ መደርደር፣ ፍርሃቱን ከ0 እስከ 100 መለካት ከእሱ የመጣ ነው። ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኡስት ደግሞ በ1989 ቢበዛ ሦስት ሰዓት በሚፈጅ አንድ ቀጠሮ ብቻ ብዙ ሰው እንደሚሻለው ጽፏል። ይሄኛውንም አቀረበችልኝ። በአንድ ቀን ይለቅ ወይስ ቀስ እያልን እንሂድ? ሥራ ስላለብኝ ቀስ ይሻላል አልኳት። (ሥራው ሰበብ ነው፤ ሦስት ሰዓት የሚባለውን ስሰማ ነው የላበኝ።)

አብረን መሰላል ጻፍን። ከታች ሸረሪት የሚለውን ቃል በወረቀት መጻፍ። ቀጥሎ ሥዕል። ፎቶ። የስልክ ቪዲዮ። በጠርሙስ ያለ የሞተ ሸረሪት። ክዳኑ የተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ያለ በሕይወት ያለ። ከላይ፣ ጫፉ ላይ፣ ማታ ከመጋዘኑ የኋላ ጥግ አንዱን በብርጭቆ ይዞ ውጭ መልቀቅ። ለዚህኛው ስንት ትሰጠዋለህ አለችኝ። ከመቶ በላይ የለም ወይ አልኳት።

ከወረቀት እስከ ቪዲዮ ያለው ብዙ አላስቸገረም። ሰለቸኝ እንጂ። ያንኑ ቪዲዮ ደጋግማ ታሳየኛለች፤ እስኪሰለችህ ነው የምፈልገው ትላለች። የሞተው ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። ከዚያ ነው ጋሼ የገቡት።

ጋሼ የግቢው ዘበኛ ናቸው፤ የድሮ የምድር ባቡር ሰው። ሸረሪት የሚያቀርቡልን እሳቸው ነበሩ። ሲይዙ ማየት ነው! አይቸኩሉም። ብርጭቆውን ቀስ ብለው ግድግዳው ላይ ይደፉባታል። በሥሩ የድሮ ካላንደር ወረቀት ያሾልካሉ። አለቀ። አንድም እግር ሳይሰበር ጠርሙስ ውስጥ ትገባለች። ሥራው ሲያልቅ የያዙበት ቦታ ወስደው ይለቋታል። «እንግዳ ናት፣ ወደ ቤቷ ትመለስ» ይላሉ።

መጀመሪያ ያመጡልኝ ትንሿን ዘላይ ሸረሪት ነበር። የጥፍር ታክላለች። ለማጥመጃ ድር አትሠራም፤ ዝንብ ላይ ዘላ ነው የምትይዘው። ስምንት ዓይን አላት፤ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ናቸው። ጠርሙሱ ከክፍሉ ማዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እኔ በር አጠገብ ነኝ። ሸረሪቷ ዞር ብላ አየችኝ። ቀልዴን አይደለም፣ እነዚህ ዘላዮች ሰውነታቸውን አዙረው ነው የሚያዩት። «ስንት?» አለች ባለሙያዋ። ሰማንያ አምስት አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ዓይን መጨፈን አይቻልም። ስልክ ማየት አይቻልም። ሌላ ወሬ መጀመርም አይቻልም፤ እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ ወሬ እጀምራለሁ። የሚፈቀደው ወሬ ስለ ሸረሪቷ ብቻ ነው። «ምን ዓይነት ቀለም አላት? ፀጉሯ የት ላይ ነው? አሁን የትኛውን እግር አነሳች?» ለካስ ይሄ ዘዴ አለው። እግሯን ስቆጥር የራሴን ልብ ምት መቁጠር እረሳለሁ። በየመሀሉ «አሁንስ?» ትለኛለች። ሰማንያ። አሁንስ? ሰማንያ። አሁንስ? ስልሳ። ወንበሬን ወደፊት እንድስብ ጠየቀችኝ። ሳብኩ፤ ቁጥሩ ወጣ፤ ቆይቶ እንደገና ወረደ። ቀጠሮው ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ በክርኔ ተደግፌ ነበር። ጋሼ በመስኮት አይተውኝ «ተላምደዋል» ብለው ሳቁ።

በየቀጠሮው ትንሽ ትንሽ እውቀትም ይዤ ወጣሁ። ሸረሪት ነፍሳት ከሚባሉት ወገን አይደለም፤ ስምንት እግር ስላለው ከጊንጥና ከመዥገር ጋር ይመደባል። በዓለም የታወቁት ዝርያዎች ከ50,000 ይበልጣሉ። ሁሉም ለማለት ይቻላል ለአደናቸው የሚሆን መርዝ አላቸው፤ ሰው የሚጎዱት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። በቆላ ማታ መብራት ሥር የሚሯሯጠው፣ ትልቅ መንጋጋ ያለው፣ አሸዋ የሚመስለው ጉደኛ ደግሞ እውነተኛ ሸረሪት አይደለም። የሩቅ ዘመድ ነው። መርዝ የለውም፣ ቢነክስ ግን ያማል። ሰው የሚያሳድድ የሚመስለው የሰውን ጥላ ስለሚከተል ነው። እሱም ከፀሐይ ነው የሚሸሸው። በድሬ ፀሐይ ማን ጥላ አይፈልግም?

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቃ ተናገረችኝ። ጠዋት ጫማህን ሳታራግፍ አታድርግ አለች። እንዴ፣ ፍርሃቴን ልናጠፋ አልነበር? አልኳት። «ጫማ ማራገፍ ፍርሃት አይደለም። ጊንጥ ያለበት አገር ነው የምትኖረው።» እንጨትና ድንጋይ ስታነሳም ጓንት አድርግ አለች። የምን እንደሆነ ያላወቅከው ንክሻ ካበጠ ወይም እየሰፋ ከሄደ ጤና ጣቢያ ሂድ አለች። ጀግና አታደርግም፤ ይሄን ወድጄላታለሁ።

የጋሼ ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው። ለእሳቸው ሸረሪት ማለት የትንኝ ጠላት ነው። የ2022ቱን (በፈረንጆቹ) የድሬ ወባ የማያስታውስ የለም። ያመጣው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ትንኝ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነበር። የከተማ ትንኝ ነው፤ በርሜልና ሮቶ ውስጥ በምናጠራቅመው ውሃ ይራባል። ውሃ እየጠበቀ ለሚያጠራቅም ከተማ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጋሼ ስለዚህ የመታጠቢያ ቤታቸውን ሸረሪት አያስነኩም። ባለሙያዋ ስትጨምርልኝ፣ ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ደም የጠጣች ትንኝ መርጦ የሚበላ ዘላይ ሸረሪት አለ አለችኝ። ታዲያ አጎበራችሁን እንዳትጥሉ! በርሜሉን መክደን የሸረሪት ሥራ አይደለም።

የመጋዘኑ ማታ ደረሰ። ራሷ መጣች፤ ጋሼም ብርጭቆና ካላንደራቸውን ይዘው መጡ። አለቃዬን አስፈቅጄ ነበር። የኋላው ጥግ ግድግዳ ላይ ልጥፍ ያለች ጠፍጣፋ ሸረሪት ነበረች፤ ያቺ ወደ ጎን እንደ መብረቅ የምትሮጠዋ። መጀመሪያ ባለሙያዋ ያዘች። ቀጥሎ እኔ። አመለጠችኝ፤ ወደ ጣሪያ ወጣች፤ እኔም አልሮጥኩም። ሌላ ፈለግን። ያችኛዋን ያዝኩ። ስንት? አርባ። በሁለት እጄ ይዤ በበሩ ወጣሁና አጥሩ ሥር ለቀቅኳት።

አሁን ወዳጆቼ ናቸው አልላችሁም። አልወዳቸውም። ድንገት ሳይ ዛሬም እደነግጣለሁ፤ ግን ቆሜ ነው። የኋላውን ዕቃ ራሴ አወጣለሁ። ባለቤቴም ባትሪውን መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የምታነሳው። ባለሙያዋ ልምምዱን ካቆምክ ፍርሃቱ ሊመለስ ይችላል ስላለችኝ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ይዤ እለቃለሁ። ከመጋዘኑ ልጆች አንዱ «አስተማሪ» እያለ ይቀልድብኛል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ማረፊያ ክፍሏ ቬንትሌተር የለውም። በድሬ! በግንቦት! ተራ እየጠበቅኩ የፈሰሰኝ ላብ ሸረሪቷ ፊት ከፈሰሰኝ አያንስም። ነግሬያታለሁ፣ እገዛለሁ ብላለች፣ እስካሁን አልገዛችም። ቢሮዋ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃ የሚያስቸግረው ሰው ቀድሞ ይንገራት፤ ታች ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ታስተናግዳለች። እንዲያውም እዚያ ይነፍሳል።

የምትሠራው ከሸረሪት ጋር ብቻ አይደለም። ውሻ፣ መርፌ፣ ከፍታ፣ ጨለማ የሚፈራም ይመጣል። ልጅ የምታመጡ ወላጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ልጁን «ዝም ብለን ሰው ልንጠይቅ ነው» ብላችሁ አታምጡት። ትቆጣለች። የሚሄድበትን አውቆ ይምጣ ትላለች። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ትናገራለች። ከምሳ በኋላ ከተማው በሚያርፍበት ሰዓት አትደውሉላት፣ አታነሳም። ከ10 ሰዓት በኋላ ሞክሩ። «የሸረሪቱ ሰውዬ ነው የላከኝ» ካላችኋት ታውቃለች። ለጋሼ ሻይ የሚሆን ነገር መያዝ አትርሱ፤ ስኳር ይወዳሉ።